ሳኖባር የተኩስ ጨዋታውን ልትዳኝ የገባች ቀን

ታዲያ ሳኖባር የኮምፒውተር ጨዋታ ቤት ገብታ ተቀመጠች ሲባል እናንተም ስቃችኋል፣ አትካዱ። ግን ምን ታድርግ? ጎረቤቷ ኩሙሽ የማርጊላን ከተማ የሰፈሯን እናቶች አስከትላ መጥታ፣ «ሳኖባር ኦፓ፣ ታላቅ እህታችን፣ ልጆቻችን እዚያ ቤት ሲታኮሱ እየዋሉ ዝም ልትይ ነው?» አለቻት። የሰፈሩን ጠብ የምትዳኘው እሷ ናት። ቤቱ ደግሞ የማን ነው? የኢክቦል! በሳምንቱ ልጇን ዲልራቦን ሊያገባ የተደገሰለት ኢክቦል። ጨዋታው ለልጆች አይሆንም ካለች የኢክቦል ገቢ ይቋረጥና ሠርጉ ሊፈርስ ነው። ይሆናል ካለች ደግሞ «ለአማቿ አደላች» ልትባል ነው።

«ሁለቱን ወገን ሳልሰማ አልፈርድም» አለች። ባልና ሚስት ስታስታርቅ እንደምታደርገው፣ ታራቂዎች አብረው የሚቆርሱት ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ ሄደች። ኢክቦል ከሻሿ በላይ መናገሪያ ያለው ማዳመጫ ደፋላት።

በኢንተርኔት ከየከተማው የገቡ ተጫዋቾች ስክሪኑ ላይ ጠመንጃ ይዘው ይራወጣሉ። እሷም በጨዋታው መሐላቸው ገብታ ቆመች።

«ልጆቼ፣ ምንድነው ያጣላችሁ?»

«አክስቴ፣ ተኩሺ እንጂ!» ጮኸ ከራሷ ወገን አንዱ።

«ምን አድርጎኝ? ና እስቲ አንተ ባለ ቀይ ቆቡ፣ የማን ልጅ ነህ?»

ባለ ቀይ ቆቡ ቀጥ አለ። «የ... የሮሂላ።»

«የኮካንዷ ሮሂላ? ልብስ ሰፊዋ? እዚህ መሆንህን ታውቃለች?»

ልጁ ጠመንጃውን ጥሎ ወጣ። ሌሎቹም ሳይጠየቁ መውጣት ጀመሩ። ጦርነቱ ሊበተን ጥቂት ሲቀረው አንድ ቀጭን ድምፅ፣ «አሮጊት፣ ዞር በይ!» አለና በጀርባዋ ተኮሰባት። ሬሳዋ ላይ ወጥቶም ጨፈረ!

«ስንት ዓመትህ ነው አንተ?»

«ዘጠኝ!»

ደሟ ፈላ። «ኢክቦል፣ ከሞት አስነሳኝ!»

«እማማ፣ ምሳ ደርሷል፣ ዲልራቦም እየጠበቀችዎት ነው...»

«አስነሳኝ አልኩህ!»

ዳቦውን ራሷ እየገመጠች፣ ያንን ልጅ ስታሳድድ ዋለች።

አመሻሽ ላይ ሻሿ ተንጋዶ ወጣች። እናቶቹ በር ላይ ነበሩ።

«ለልጆች አይሆንም» አለች። «እኔ እንኳ ስንቱን ያስታረቅኩት ሴትዮ፣ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ካልገደልኩ ብዬ ዋልኩ! ከአስራ ስድስት በታች ማንም አይግባ።»

ሁሉም ወደ ኢክቦል ዞሩ።

«እሺ፣ ልጆቹን አስወጣለሁ» አለ። «በጩኸታቸው ትልልቆቹን ደንበኞች አባረውብኛል። ግን እርስዎን ማን ያስወጣልኝ?»

ኩሙሽ ሳይቀር በሳቅ ፈረሰች፤ ሠርጉም ተረፈ።

ተረፈ ስላችሁ... የሠርጉ ዕለት የኢክቦል ወገኖች ለሠርግ የሚነፋውን ረጃጅም መለከታቸውን ከሳኖባር ጀርባ ቢነፉት፣ ያ ሁሉ እንግዳ እያየ፣ በዚያ ሐር ቀሚሷ የሠርጉ ሩዝ ከሚበስልበት ትልቅ ብረት ድስት ኋላ ተወርውራ ተጋደመችና፣ «ተኳሹ ከጣሪያው ላይ ነው! ዲልራቦ፣ ጎንበስ በይ!» ብላ ጮኸች።