አልወርድም ያለው ተሳፋሪ

እናቴ ከሰል በአንድ ክብሪት ታያይዝ ነበር። አስኮ ሰፈራችን ውስጥ ይህን የማያውቅ ጎረቤት አልነበረም። ምስጢሯ ከበሩ ጀርባ ባስቀመጠችው የዱቄት ወተት ጣሳ ውስጥ ነበር፤ ያረጀ የፕላስቲክ ኮንጎ ጫማ በቢላ እየሸነሸነች ታጠራቅምበታለች። ከከሰሉ ሥር አንድ ሽንሽን ትሰካለች፣ ክብሪቷን ትጭራለች፣ ጥቁር ጭስ ይትጎለጎላል፣ ድስቱ ይጣዳል። አራተኛ ክፍል የተማርኩበት ኮንጎዬ ያለቀው ሽሮ ሲያበስል ነው። ማራገቡ የእኔ ሥራ ነበር፤ ራሴን ማመስገን አይሁንብኝና ጎበዝ አራጋቢ ነበርኩ።

የመጀመሪያ ልጅ እናት ቤት ነው የሚታረሰው፤ እኔም ሆዴ ሲገፋ ባሌን ለወጥ ቤቱ ትቼ እሷ ዘንድ ተመለስኩ። ድካሙ ግን ልክ አልነበረውም። ቆሜ እንኳ እንቅልፍ ይወስደኝ ነበር። ቤቴል ያለ አንድ ክሊኒክ ሄጄ ደም ሰጠሁና የታይሮይድ ዕጢዬ ሰነፍ ነው ተባልኩ። እናቴ የዚህን በሽታ ስም የምታውቀው በእንቅርት ብቻ ስለሆነ አንገቴን ዳሰስ ዳሰስ አድርጋ፣ "ማተብ የሚያምርበት አንገት እኮ ነው፤ ምንም የለሽም" አለች።

የፈራሁት ለራሴ አልነበረም። የፅንስ አንጎል በደንብ እንዲያድግ የእናቱ የታይሮይድ ሆርሞን እንደሚያስፈልገው የክሊኒኩ ሐኪም ነግራኛለች። ያን ቀን ታክሲ ውስጥ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ።

ለሚቀጥለው ቀጠሮ እናቴ አብሬሽ ካልሄድኩ ብላ መጣች። ሐኪሟ ቤት ውስጥ ምን እንደምናነድ ስትጠይቅ፣ እናቴ የጣሳዋን ምስጢር በኩራት ዘረገፈችው። ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች።

"እማማ፣ ሆርሞኑን በደም ውስጥ የሚያመላልስ ታክሲ አለ ይበሉ። እንዲህ ዓይነት ፕላስቲክ ሲቃጠል የሚወጣው መርዝ ሆርሞኑን ይመስላል። ቀድሞ ይገባና ወንበሩን ይይዛል። ሆርሞኑ ፌርማታ ላይ ይቀርና ባክኖ ይጠፋል።"

"ታዲያ የሆነ ቦታ ላይ አይወርድም?"

"ችግሩ እሱ ነው። ስብ ውስጥ ገብቶ ለዓመታት ይቀመጣል። ከእናት ወደ ልጅም ያልፋል።"

እናቴ በታክሲ ሰልፍ ጉዳይ ቀልድ አታውቅም፤ ሰልፍ ጥሶ የገባ ወጠምሻ በኮቱ ጎትታ አስወርዳ ታውቃለች። በማግስቱ ጣሳውን እንዳለ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ሰጠች። ከሰላችን በጭራሮ መያያዝ ሲጀምር ክብሪቱ አምስትም ስድስትም ሆነ፣ ምሳችንም ዘገየ። እኔ በየጠዋቱ በባዶ ሆዴ ሐኪሟ ያዘዘችልኝን የሆርሞን ክኒን እውጣለሁ። እሷ ደግሞ በአጥር ማዶ ጥቁር ጭስ ባየች ቁጥር ብቅ ብላ፣ "ኧረ ያ ተሳፋሪ አይወርድም እኮ" ትላለች። ጎረቤቶቻችን ነገሩ እስኪገባቸው ድረስ ጤንነቷን ተጠራጥረው ነበር። በኋላ ግን ከሰል ሊያያይዙ ሲሉ ጭራሮ የሚበደሩት ከእሷ ሆነ።

ልጄ ተወለደች። የእሷም ታይሮይድ እንዲመረመር ከተረከዟ ደም ተወሰደ። ውጤቱ እስኪመጣ እናቴ ገንፎውን ሁለት ጊዜ አሳረረችው፤ እኔም ሁለቱንም ጊዜ ያረረውን በላሁ። ደህና ናት የሚለውን ስንሰማ ከደስታዬ ብዛት ሳቄን ማቆም አቃተኝ። እናቴ እልልታውን ለጎረቤት ሁሉ አሰምታ ስትጨርስ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች።

"ያኔ የምታራግቢው አንቺ ነበርሽ" አለችኝ። "እኔ ነኝ አይደል ያሳመምኩሽ?"

ሐኪሟ ምክንያቱ ይሄ ነው ብሎ መናገር እንደማይቻል የነገረችኝን ደገምኩላት። ያን ጭስ ስቦ ደህና የሆነ ብዙ ሰው አለ፣ ሳይስብም የሚታመም አለ አልኳት። የተናገርኩት እውነቴን ነው። እሷ ግን የሰማችኝ አልመሰለኝም። የልጄን አንገት በአንድ ጣቷ ቀስ ብላ ዳበሰች። ከዚያ እጇን ወደ እኔ አንገት አመጣች፤ በዚህኛው ጊዜ ምንም የለሽም አላለችም።

"ክኒንሽን ውጠሻል?" አለችኝ።