ቺፑ አገውኛ አይችልም

ስለ ኤዲተር ምርጫ የሚጠይቁኝ ሰዎች አሉ። አብዛኞቹ ገና ከኮሌጅ የወጡና ማይክሮኮንትሮለር በሚባል ትንሽ የመቆጣጠሪያ ቺፕ ላይ ኮድ መጻፍ የጀመሩ ናቸው፤ "የትኛው ይሻላል?" ይሉኛል። ሳላመነታ እመልሳለሁ፦ ጥቁሩ ይሻላል፤ ያ ትልቁ፣ ቃል ስትጀምሩ የሚጨርስላችሁ፣ ስትሳሳቱ ከሥሩ በቀይ የሚያሰምርላችሁ። ይህን የምለው ከልቤ ነው። በዚሁ ኤዲተር ስመጻደቅ የሰው እንቁላል ቀቅያለሁ፤ ቢሆንም ይሻላል እላለሁ። ጥፋቱ የኤዲተሩ አልነበረም።

እንጅባራ ውስጥ፣ ከዋናው መንገድ ትንሽ ገባ ብላ ባለች ባለ ቆርቆሮ ጣሪያ ክፍል ከአንድ አዛውንት ጋር እሠራ ነበር። ክፍሏንና መሣሪያዎቹን ያመጡት እሳቸው ናቸው፤ እኔ ያመጣሁት ዲግሪዬን ነው። ለእንቁላል መፈልፈያና ለውኃ ፓምፕ የሚሆን መቆጣጠሪያ ቦርድ እንሠራለን። ቦርዱ ላይ የተበየደው ቺፕ ሙቀቱን እያነበበ አምፖሎቹን ያበራል፣ ያጠፋል። መቼ አብርቶ መቼ እንደሚያጠፋ የሚነግረው ኮድ ላፕቶፕ ላይ ይጻፋል። ኤዲተር የሚባለው ያ ኮድ የሚጻፍበት ፕሮግራም ነው፤ ጠባችንም በእሱ ነበር።

እሳቸው በየጠዋቱ ከዳንግላ በሚኒባስ ይመጣሉ። ዕድሜያቸውን የፈጁት ሬዲዮና ጄኔሬተር ሲጠግኑ ነው። ኮድ መጻፍ የጀመሩት ሃምሳ ካለፋቸው በኋላ ሲሆን ያስተማራቸው ሰው የለም። እኔ አምስት ዓመት ሙሉ ዩኒቨርሲቲ ተቀምጬ የተማርኩትን እሳቸው በትርፍ ጊዜያቸው ደርሰውበታል። ይህ ያንገበግበኝ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን መንገብገቤን ሳይሆን ትክክል መሆኔን ብቻ ነበር የማውቀው።

የእሳቸው ኤዲተር አንዲት ነጭ መስኮት ናት። ሁለት ቁልፍ አላት፤ አንዱ ኮዱን ይፈትሻል፣ ሌላው ወደ ቺፑ ይጭናል። ቀለም የላት፣ ምክር የላት፣ ማስጠንቀቂያ የላት። ያለ ኔትወርክ ስለምትሠራ ብቻ ይወዷታል። የእኔ ጥቁር ኤዲተር ግን የሚያስፈልጉትን ነገሮች ከኢንተርኔት አውርዶ እስኪጨርስ አራት ቀን ፈጀብኝ። ኔትወርክ ሲመጣ መብራት ይሄዳል፤ መብራት ሲመጣ ኔትወርክ የለም። በእነዚያ አራት ቀናት እሳቸው በነጯ መስኮታቸው ሁለት ቦርድ ጨረሱ። አንድም ቀን አላሾፉብኝም። በአንድ ጣታቸው ፊደል እየለቀሙ፣ "ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል" ይላሉ፣ ለራሳቸው።

"ጋሼ፣ እርስዎ አንድ መስመር እስኪጨርሱ እኮ እንቁላሉ በእግሩ ሄዶ ጫግኒ ገብቷል" አልኳቸው።

ሳቁ። ስለሳቁ ቀጠልኩበት። ደንበኛ ሲመጣ፣ "ጋሼ የሚጽፉባት መስኮት ለሙዚየም የምትፈለግ ናት፤ እኛ ነን አንሰጥም ያልነው" እላለሁ። ደንበኛው ይስቃል፤ እሳቸው ብየዳቸውን ይቀጥላሉ። አንቱታዬን ግን ለአንድ ቀን አላጓደልኩም። እርስዎ፣ ይቀመጡ፣ ይቅደሙ እያልኩ ነው የማዋርዳቸው። እናቴ ታላቅ አክብሪ ብላ ነው ያሳደገችኝ፤ በአንቱታ ከተጠቀለለ ስድቡ እንደ ስድብ የማይቆጠር ይመስለኝ ነበር።

ኮድ ውስጥ ቺፑ የማያነበው፣ ለሰው ብቻ ተብሎ የሚገባ ማስታወሻ አለ። ይህ መስመር ለምን እንደተጻፈ፣ ያኛውን መንካት ምን እንደሚያመጣ ይጻፍበታል። ነጯ መስኮት የእኛን ፊደል አታሳይም፤ ባዶ ሳጥን ነው የምትደረድረው። እሳቸው ደግሞ እንግሊዝኛቸው ሩቅ አይሄድም። ስለዚህ ማስታወሻቸውን አፋቸውን በፈቱበት በአገውኛ፣ ግን በላቲን ፊደል ይጽፉታል። እኔ እንጅባራ ተወልጄ እንጅባራ አድጌ አገውኛ አልችልም። ወላጆቼ ከደብረ ማርቆስ በኩል የመጡ፣ አማርኛ ብቻ የሚናገሩ ናቸው፤ ቅቤ የሚሸጥልን፣ እንጨት የሚያመጣልን ሁሉ በእኛ ቋንቋ ስለሚያናግረን መማር አላስፈለገንም። እንዲያውም አለመቻሌ የከተሜነት ማስረጃ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ክረምቱ መግቢያ ላይ ከጥርባ በኩል አንዲት ሴት መጣች። ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቿን አንዲት ሳያስቀር ፈጅቶባታል። ከእህቶቿና ከጎረቤቶቿ ለዘር የሚሆን እንቁላል ለቃቅማ፣ ሰማንያ አራቱን በገለባ ደልድላ፣ ቅርጫቱን ጭኗ ላይ አቅፋ በሚኒባስ አምጥታዋለች። በየእንቁላሉ ላይ የሰጪዋ ምልክት በከሰል ተደርጎበታል፤ አንዱ ላይ መስቀል፣ አንዱ ላይ ሁለት ጭረት፣ አንዱ ላይ ክብ።

"አደራ" አለችኝ። "ለዘር የሚሰጠኝ ለአንድ ጊዜ ነው። ከከሸፈብኝ እጇ ዘር አይወድም ይሉኛል፤ ሁለተኛ የሚሰጠኝ የለም። የቤቴ ጨውም፣ የልጆቼ ደብተርም ከዶሮ ነው የሚወጣው።"

"አይዞሽ፣ ማሽኑ ከእናት ዶሮ ይበልጣል" አልኳት።

እንቁላሎቹን መፈልፈያው ውስጥ ስንደረድር ሴትየዋና አዛውንቱ በአገውኛ ሲያወሩ ቆዩ። መሀል ላይ እኔን አየት አድርጋኝ ሳቀች። ስለ እኔ ያወሩ መሰለኝ፤ ምናልባት ስለ ዝናቡ ነበር። ቂም ይዤባት አደርኩ።

በዘጠነኛው ቀን የክፍላችንን ኮድ ሁሉ ወደ ጥቁሩ ኤዲተር አዛወርኩት። ጥሩ ምክንያት ነበረኝ፤ ሁለት ሰው በሁለት ዓይነት መንገድ ከጻፈ ነገ ማንም አያስተካክለውም። ይህንንም እስከ ዛሬ አምንበታለሁ። የመፈልፈያውን ኮድ ስከፍተው መጀመሪያው ላይ አሥር መስመሮች ደብዝዘው ታዩኝ። ኤዲተሩ ጥቅም የሌለው ኮድ ሲያገኝ ያደበዝዘዋል። አየሁት፤ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ደጋግሞ ያነባል፣ ያነበበውን ደግሞ ይጥለዋል። ለምንም አይውልም። ከላዩ አራት መስመር ሙሉ የማይገባኝ የላቲን ፊደል ተጎልቷል።

"ጋሼ፣ እዚህ ጋ ድመት ኪቦርዱ ላይ ሄዳብዎት ነበር እንዴ?" አልኩ።

ቀና አሉ። መነጽራቸውን ከግንባራቸው አውርደው ስክሪኑን አዩ። "ማስታወሻዬ ነው።"

"ለማን?"

"ለሚቀጥለው ሰው።"

"የሚቀጥለው ሰው እኔ ነኝ፤ አልገባኝም።"

"ታዲያ ላንብብልሽ፣ ልጄ። ከማጥፋትሽ በፊት ላንብብልሽ።"

ይህን ያሉት ለስለስ ብለው ነው። መቀመጫቸውን ወደ እኔ ሊስቡ እጃቸውን ዘርግተው ነበር። በሩ ላይ ሁለት የፓምፕ ደንበኞች ዝናቡን ተጠልለው ቆመዋል፤ ጆሯቸው ወደ እኛ ነው። እኔ ሰው ሲያየኝ ክፋቴ ይብሳል።

"ለምን ይደክማሉ ጋሼ" አልኳቸው። "ቺፑ አገውኛ አይችልም።"

ደንበኞቹ ሳቁ። አንደኛው ራሱ አገው ነው፤ እሱም ሳቀ። አራቱን መስመርና አሥሩን መስመር አንድ ላይ መርጬ ሰረዝኩ፤ ከዚያ የተጣራውን ኮድ እዚያው፣ ሰማንያ አራት እንቁላል ታቅፎ በተቀመጠው መፈልፈያ ላይ ጫንኩት። አንድ ደቂቃ እንኳ አልፈጀም። የመፈልፈያው ሙቀት መለኪያ ሠላሳ ሰባት ተኩል ዲግሪ አለ፤ ልክ ነው። "ይኸው" ብዬ ወደ እሳቸው ዞርኩ።

የብየዳ ብረታቸውን ነቅለው እስኪቀዘቅዝ ጠበቁ። በጨርቅ ጠቀለሉት። ሁልጊዜ እዚያው ትተውት ነበር የሚሄዱት። "ዝም አይነቅዝም" አሉና ጃንጥላቸውን ይዘው ወደ ሚኒባሱ ወጡ። በማግስቱ አልመጡም፤ ከዚያ በኋላም። እኔም አልደወልኩም። ኩርፊያቸው ሲበርድ ራሳቸው ይመለሳሉ አልኩ፤ ደስም ብሎኝ ነበር፣ ነጭ መስኮት የማይታይበት ክፍል ሆነልኝ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ መብራት ሄደ፤ ጥቂት ቆይቶ ተመለሰ። መለኪያው ሠላሳ ሰባት ተኩል አለ። እንቁላሎቹን ሳገላብጥ እጄን ሞቅ አለኝ፤ ከወትሮው ሞቅ አለኝ። ስክሪኑን አየሁ፦ ሠላሳ ሰባት ተኩል። እጄን አላመንኩትም። በየቀኑ ሦስት ጊዜ እያገላበጥኩ፣ በየቀኑ እየሞቁኝ፣ በየቀኑ ቁጥሩን አምኜ በሩን ዘጋሁት።

በሃያ አንደኛው ቀን ሴትየዋ ማልዳ መጣች። ባዶውን ቅርጫትና ጫጩቶቹን የምትሸፍንበት ነጠላ ይዛለች። ከኋላዋ እሳቸው ገቡ፤ ቀኑን ሲቆጥሩ ነበር ማለት ነው። ሰላም አሉኝ፤ ተነሥቼ ወንበር ሰጠኋቸው፤ አልተቀመጡም።

አንድ እንቁላል አንሥታ ጆሮዋ ላይ አደረገች። መለሰችው። ሌላ አነሣች። ባለመስቀሉን፣ ባለክቡን፣ ባለጭረቱን። ሊፈለፈል የደረሰ ጫጩት ከውስጥ ይጭራል፣ ያንሾካሹካል፤ እኔ እንኳ ያን አውቃለሁ። ሃያ ያህሉን ካዳመጠች በኋላ አንዱን ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ሰበረችው። ጫጩቱ ተሠርቷል። ላባው መብቀል ጀምሯል፣ ዐይኑ ጎልቶ ይታያል። ሥጋው ግን ነጭ ሆኗል፤ የተቀቀለ ሥጋ ነው። ሌላ ሰበረች፤ ያው ነው። ከዚያ መስበሩን ትታ እጇን በነጠላዋ ጠረገች።

እሳቸው ከኪሳቸው የክሊኒክ ቴርሞሜትር አውጥተው መፈልፈያው ውስጥ አስቀመጡ። ጥቂት ቆይተው አወጡትና አሳዩኝ። አርባ ሁለት ላይ ቆሟል፤ ከዚያ በላይ መስመር የለውም። የእኔ ስክሪን አሁንም ሠላሳ ሰባት ተኩል ይላል።

ከዚያ የድሮውን ኮድ በፍላሽ ይዘውት ኖሮ ላፕቶፑ ላይ ከፈቱት። አራቱን መስመር ጮክ ብለው፣ በአገውኛ፣ ለእሷ አነበቡላት። ኮምፒውተር ነክታ የማታውቅ ሴት እጇን አጣምራ እየሰማች ራሷን ነቀነቀች። ሁለተኛው መስመር ላይ ዞር ብላ መፈልፈያውን አየች። አራተኛው ላይ እኔን አየችኝ። ከሦስታችን ያልገባኝ እኔ ብቻ ነበርኩ።

"ለምን በአማርኛ አልነገሩኝም?" አልኩ። ከጸጸት ይልቅ ንዴት ነበር ያናገረኝ።

"ይኸው በአማርኛ" አሉ። "መብራት ሄዶ ሲመለስ ሴንሰሩ መጀመሪያ የሚናገረው ውሸት ነው። አሥር ጊዜ አስነብበሽ ጣይው፤ ከዚያ በኋላ ነው እውነቱን የሚናገረው። ካልጣልሽው ቺፑ ያንን ውሸት መነሻ አድርጎ ይይዛል፤ ቁጥሩ ልክ እየመሰለ እንቁላሉ ያራል። ይህን መስመር አትንኪ ይላል፣ የመጨረሻው።" ቴርሞሜትሩን ወደ ኪሳቸው መለሱ። "ጥፋቱ የእኔም ነው። የሰው የዘር እንቁላል ትቼ ማኩረፍ አልነበረብኝም።"

እሷ ይቅርታዬን አልጠበቀችም። እኔም አልጠየቅኳትም፤ ምን ብዬ እንደምጀምር ቸግሮኝ ነው ብል ውሸት ይሆናል፤ አፌ ላይ የነበረው "ሌላ እንቁላል አምጪ፣ በነጻ እንፈለፍልልሻለን" የሚል ነበር። ሌላ እንቁላል የሚሰጣት እንደሌለ ነግራኛለች እኮ። እንቁላሎቹን አንድ በአንድ ወደ ቅርጫቱ መለሰቻቸው፤ ምልክቱን አይታ ለየባለቤቱ ለማሳየት ይሆናል። በነጠላዋ ሸፈነቻቸው። በሩ ላይ ስትደርስ ወደ እኔ ዞራ አንድ ነገር ተናገረች፤ አጭር ነው፣ በአገውኛ ነው፣ ሳትጮህ ነው። አማርኛ አሳምራ እንደምትችል አውቃለሁ። መርጣ ነው በአገውኛ ያለችኝ።

እሳቸው ጥቁሩ ኤዲተር ፊት ተቀመጡ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ። አሥሩን መስመርና አራቱን ማስታወሻ መለሱ። ከዚያ ከአራቱ ሥር በአንድ ጣታቸው አምስተኛ መስመር ለቀሙ። ኤዲተሩ ከእያንዳንዱ ቃል ሥር በቀይ አሰመረ።

"ይህ ምንድነው፣ ጋሼ?"

"እሷ ያለችሽ ነው።"

"ምን አለችኝ?"

"ላንብብልሽ ስልሽ አልፈለግሽም" አሉ። "አሁን ራስሽ አስነብቢው።" ጃንጥላቸውን አነሡ። ክፍሏን ለእኔ ትተው ዳንግላ ገቡ፤ አሁን እዚያው ሬዲዮ ይጠግናሉ ይባላል።

እስከ ዛሬ በዚያው ጥቁር ኤዲተር እሠራለሁ። አዲስ ቦርድ በሠራሁ ቁጥር የድሮውን ኮድ ገልብጬ ስለምጀምር አምስተኛው መስመር አብሮ ይገለበጣል። እንጅባራ ውስጥ የሚያነብልኝ ሰው ሞልቷል፤ ምሳ የምታቀርብልኝ ሴት ታነበዋለች፣ ጠዋት የሚያደርሰኝ የባጃጅ ሾፌር ያነበዋል። አልሰረዝኩትም። አስነብቤውም አላውቅም።