ለልጄ ምርመራ ሄጄ እኔ ተባረርኩ

ዛሬ ከክፍል ተባረርኩ። ተማሪው ልጄ፣ የተባረርኩት እኔ!

ልጄ ደጉ ሦስተኛ ክፍል ነው። ይጁቤ ገበያ የሰማውን ወሬ ሳይጨምር ሳይቀንስ ይደግምላችኋል። (ይህን ከእኔ አልወረሰም።) ፊደል ግን አልያዝለት አለ።

አስተማሪው «ሰነፍ ነው» አለኝ። እኔ በማታ ትምህርት ፊደል የቆጠርኩ ጀግና ይህን እውጣለሁ? «በልዩ ፍላጎት መምህር ይታይልኝ» ብዬ ለርእሰ መምህሩ አመለከትኩ። በራሴ እጅ ጽሑፍ! ደግማችሁ አንብቡት።

ዛሬ የልዩ ፍላጎት መምህርቷ አባትና ልጅን ጎን ለጎን አስቀመጠችን። ፊደል የተጻፈበት ካርድ ከፍ ስታደርግ «መ!» ብዬ ጮህኩ። ምን ላድርግ፣ እኛ ማታ በኅብረት ነው የምንመልሰው።

«አባቱ፣ የጠየቅኩት ልጁን ነው» አለችኝ።

ሁለተኛውን አነሳች። «ሠ! ንጉሡ ሠ!»

«በሉ ውጭ ይጠብቁ!»

ሦስተኛውን በመስኮት ነገርኳት። መስኮቱን ዘጋችው።

በኋላ ወጥታ «የልጁ ነገር ስንፍና አይመስለኝም። ሙሉ ምርመራ እናደርግለታለን። ሰኞ ይምጣ፣ ከእናቱ ጋር» አለች።

ደስታዬን አልነግራችሁም። መንገድ ላይ ደጉ እጄን ይዞ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው?

«አባባ፣ የመጀመሪያዋን እኮ አውቃት ነበር። አንተ ቀደምከኝ!»

እናንተስ፣ በልጃችሁ ጉዳይ ሄዳችሁ ራሳችሁ የተባረራችሁ አላችሁ? ጻፉልኝ። አንድም ሳላስቀር ራሴ አነበዋለሁ።