ሳነቴን ተሻገረ የተባለው ድምፅ

ጎባ ገና የወታደር ሰፈር ሳለች አዋጅ ነጋሪዋ ባሻ ገብረወልድ ነበሩ። ከሰፈሩ ጉብታ ላይ ሲጮኹ ድምፃቸው የሳነቴን ደጋ ተሻግሮ በሐረና ጫካ ዳር ካለችው ሪራ ይደርስ ነበር ይባላል። የሲናና ገብስ ያጎነብስላቸው፣ የሪራም ንብ ደንግጦ ቀፎውን ይለቅ ነበር አሉ። ንቡንስ እንተወው። ሪራ ግን የሁለት ቀን መንገድ ነው፤ የሳነቴ ነፋስ ደግሞ አጠገብህ የቆመውን ሰው ቃል እንኳ ከአፉ ይነጥቃል።

የወሬው መነሻ አንድ አዋጅ ነው። ወደ ሐረና ጫካ የሸሹ የአገሬው ሰዎች እስከ አራተኛው ገበያ ከገቡ ምሕረት አላቸው፤ ካልገቡ መሬታቸው ይወረሳል የሚል። ከሸሹት አንዱ ገልቹ ነበር፤ ከአገሬው ተወልዳ ክርስትና የተነሣችው የባሻ ሚስት፣ የወለተኢየሱስ ወንድም።

ባሻ ገበያ ወርጄ ከሪራ ከሚመጡት ማር ሻጮች መካከል ልናገር ብለው የሰፈሩን ሹም ለመኑ። ሹሙ እንቢ አሉ። አዋጅ ከከፍታ ይወርዳል እንጂ እንደ ሽንኩርት ሜዳ ላይ አይዘረጋም፤ ከታች የተነገረ ወሬ ይሆናል አሉ።

ሁለት ገበያ ከጉብታው ተጮኸ። ነጋሪቱ ሩቅ ተሰማ፤ ቃሉን ነፋስ በላው። ከጫካው የወጣ ሰው አልነበረም።

በሁለተኛው ገበያ ማታ ወለተኢየሱስ ለባሻ እንዲህ አለቻቸው።

«ወንድሜ የእርስዎን ነጋሪት የሚያውቀው ወታደሮች ሲወጉት ነው። በሰማው ቁጥር ይርቃል።»

በሦስተኛው ገበያ ባሻ ነጋሪቱን ከጉብታው ሥር አስቀምጠው ወረዱ፤ ከአንዲት የሪራ ማር ሻጭ አጠገብም ተቀመጡ። «ናጋ?» አሏት። «ናጋ» አለች። ስለ ከብቱ፣ ስለ ልጆቹ፣ ስለ ዝናቡ ተጠያየቁ፤ በዚያ አገር ቁም ነገር የሚነገረው ሰላምታው ሲያልቅ ነው። ከዚያ በኋላ ምሕረቱን በኦሮምኛ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነገሯት። የሰማ ላልሰማ ያሰማ የሚለውንም አልዘለሉም።

ገልቹ በአራተኛው ገበያ ዋዜማ ገባ። መሬቱ ተረፈ። ሹሙ ከከፍታ የወረደ አዋጅ ይሰማል አላልኳችሁም ብለው ጉብታውን በአጥር አሳጠሩት፤ ነጋሪት መሬት አስቀምጠዋል ተብለው የተከሰሱትን ባሻን ግን ከሥራቸው አሰናበቱ።

ባሻን በእርጅናቸው አግኝቼ ድምፃቸው ሪራ ይደርስ ነበር የሚለውን ወሬ ነግሬያቸው እውነት ነው ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው።

«ከጉብታው የጮኽኩትን ሰምቶ የመጣ አንድም ሰው የለም» አሉኝ። «ገልቹን የጠራችው ማር ሻጯ ናት። የእኔ ድምፅ ሪራን አያውቃትም።»