ሂንቤኩ የተባለችው ወፍ

ሥራ የጀመርኩት በበልግ ነው፤ የወፍ ቆጠራው ቅጹ ላይ «የፀደይ ቆጠራ» ይባላል። ከጎጃም ከመጣሁ ሦስተኛ ቀኔ ነበር። ማዕረጌ ጀማሪ የዱር እንስሳት ባለሙያ፣ መሣሪያዬ አንድ ዓይኑ የደበዘዘ የርቀት መነጽር፣ እርሳስና ቅጽ። የቡድን መሪዬ አቶ ታደለ ከከሚሴ ሲሸኙኝ አንድ መመሪያ ብቻ ሰጡኝ። «የስም ሳጥን ባዶ ሆኖ እንዳይመጣ። ባዶ ሳጥን የሰነፍ ባለሙያ ምልክት ነው።»

በጨፋ ሸለቆ ወዳለው ጥብቅ ረግረግ የመሩኝ ጋሽ ሙሄ ናቸው፤ ከብቶቻቸውን እዚያው ዳር የሚያሰማሩ ገበሬ። ሽመላውን፣ አባ ኮዳውን፣ ዳክዬውን አብረን ቆጠርን። ከዚያ ከሸምበቆው ውስጥ ቀይ እግር ያላት ቡናማ ወፍ ብቅ አለች።

«ጋሽ ሙሄ፣ ይቺ ምን ትባላለች?»

ትኩር ብለው አዩዋትና «ሂንቤኩ» አሉ።

እንዴት ደስ እንዳለኝ! ወዲያው መዘገብኩ። ትንሽ ቆይቼ ነጭ ክንፍ ያላትን ጠየቅኳቸው፤ እሷም ሂንቤኩ ሆነች። ወንዱ መሆን አለበት ብዬ «ዝርያው በብዛት ይገኛል» የሚል ማስታወሻ ጨመርኩ።

በሳምንቱ ከሚሴ መናኸሪያ አንዱን የባጃጅ ሹፌር «የጨፋ ሮቢት ሚኒባስ የቱ ነው?» ብዬ ጠየቅኩት።

«ሂንቤኩ» አለኝ።

«ወፏ?»

ሹፌሩ መሪው ላይ ተደፍቶ ሳቀ። «ወንድሜ፣ በኦሮምኛ አላውቅም ማለት እኮ ነው!»

ወደ ቢሮ ሮጥኩ። አቶ ታደለ ኦሮምኛ አሳምረው ይናገራሉ፤ ሪፖርቱን ግን ሳያነቡ ፈርመው ወደ ላይ ልከውታል። መልሱም ደርሷል፦ በየትኛውም መጽሐፍ ያልተጠቀሰችው ሂንቤኩ ትጠበቅ፣ የረግረጉ ዳር ይታጠር፣ ከብት አይግባ። በዚያ ዓመት የበልጉ ዝናብ ዘግይቶ ስለነበር ጋሽ ሙሄ ሌላ ሣር አልነበራቸውም።

«ጋሼ፣ እንዲህ የምትባል ወፍ የለችም» አልኳቸው አቶ ታደለን።

«ሪፖርቱ ግን አለ» አሉኝ። «አንተ መጀመሪያ የሙከራ ጊዜህን ጨርስ።»

አጥሩ ከቆመ በኋላ ከላይ ኮሚቴ መጣ። ሰብሳቢው ጋሽ ሙሄን «አባቴ፣ ሂንቤኩ የት ነው የምትኖረው?» አሏቸው።

«ሂንቤኩ! ወላሂ ሂንቤኩ! ይልቅ ላሞቼ ምን ይብሉ?»

ጸሐፊው «ኅብረተሰቡ የወፏን መኖር በመሐላ አረጋግጧል» ብሎ ያዘ። የላሞቹን ነገር አልጻፈም። አቶ ታደለ ጎንበስ ብለው የጫማቸውን ማሰሪያ ያስሩ ነበር። እኔም የሙከራ ጊዜዬን አስቤ ዝም አልኩ። እስከ ዛሬ ያሳፍረኛል።

ኮሚቴው ሲሄድ ጋሽ ሙሄ ጠሩኝ። «አንተ ልጅ፣ አላውቅም ባልኩ ግጦሽ ከለከልከኝ። ባውቅ ኖሮ ምን ልታደርገኝ ነበር?»

በማግስቱ አዲስ ቅጽ አውጥቼ እንደገና ቆጠርኩና «ሂንቤኩ፣ ዜሮ» ብዬ አቀረብኩ።

«የት ሄደች?» አሉ አቶ ታደለ።

«ፈለሰች።»

ፊታቸው በራ። ቅጹ ለፍልሰት ሳጥን አለው። ምልክት አደረጉበትና ፈረሙ።

አጥሩ እስኪነሳ ግን ጋሽ ሙሄ ሁለት ላሞቻቸውን ሮቢት ገበያ አውጥተው ሸጠው ነበር።

አሁን አዳዲስ ባለሙያዎችን የማሰለጥነው እኔ ነኝ። የዚያችን ቀይ እግር ወፍ ስም ዛሬም አላውቅም። የማታውቁት ወፍ ሲገጥማችሁ «አላውቅም» ብላችሁ ጻፉ፤ በምታውቁት ቋንቋ።