አስተማሪዋ ለምርጫ ስትቆም

ፖለቲካና ኮረንቲ በሩቁ ይባል የለ? እኔ ኮረንቲውን ጭራሽ ያስቆረጥኩ ሰው ነበርኩ። በተማሪነቴ ሰልፍ ወጥቼ ጮኬያለሁ፣ ታስሬያለሁ፣ ጓደኞቼን አጥቻለሁ። አሜሪካ፣ ኦክላንድ ገብቼ ዜግነት ከወሰድኩ በኋላ እንኳ አንድ ቀን ድምፅ ሰጥቼ አላውቅም።

አንድ ቀን አንዲት የጣልያን ዘር ያላት አሜሪካዊት በሬን አንኳኳች። ልጄን ሦስተኛ ክፍል ያስተማረች ናት። እኔና ሚስቴ ለሁለት ሥራ ስንሯሯጥ ልጃችንን ከትምህርት በኋላ ክፍሏ አስቀምጣ ማንበብ ያስያዘቻት እሷ ነች። ልጄ ዛሬ ሳን ሆዜ ነርስ ናት። አስተማሪዋ እኔን «ጋሼ» ትለኛለች፣ እኔም «ቲቸር» እላታለሁ። ግራ ዘመም መሆኗን ደብቃ አታውቅም። ተማሪዎቿን የቤት ኪራይ ውድነት እያስወጣቸው ከሰፈር ሲጠፉ፣ ክፍሏ ግማሽ ሲቀር፣ ማስተማሩን ትታ ለከተማው ምክር ቤት ልትወዳደር ተነሳች።

«ወደ ሀበሾቹ ቤት ይውሰዱኝ» አለችኝ።

እምቢ ልላት ነበር። ግን ውለታዋን እንዴት ብዬ? «አስተዋውቅሻለሁ፣ ከዚያ ወዲያ አፌን አልከፍትም» ብዬ ተስማማሁ።

ሦስት ቅዳሜ ዞርን። ያላስገባን ቤት የለም። ግቡ፣ ተቀመጡ፣ ይኸው ቅመሱ። ስለ ኪራዩ ስታወራ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፤ ስትወጣ «ምን ችግር አለ፣ እንመርጥሻለን» ይሏታል። እሷም መኪና ውስጥ ስልኳ ላይ አንድ በአንድ ትመዘግባቸዋለች። ደስታዋ ለጉድ ነው። «እናንተ ጋ ጨርሻለሁ፣ ከእንግዲህ ሌላ ሰፈር ነው የምሄደው» አለች።

እኔ ግን አውቃለሁ። እኛ ዘንድ ቤት የመጣን እንግዳ ፊት ለፊት «አልመርጥሽም» ማለት ነውር ነው። በሩ ከተዘጋ በኋላ ምን እንደሚባልም አልጠፋኝም፤ «ደግሞ ግራ? ግራውን አየነው እኮ!» እባብ ያየ በልጥ በረየ። ሁለት ሳምንት ዝም አልኩ። ከዚያ በራሴ ተናደድኩ። ይህቺ ሴት በእኛ ይሉኝታ ልትሸነፍ ነው፣ እኔም እያወቅኩ ዝም ብያለሁ።

ደወልኩላት። «ቲቸር፣ የመዘገብሻቸውን በሙሉ ሰርዢያቸው» ብዬ ነገሩን አስረዳኋት።

«እርስዎስ ይመርጡኛል?» አለችኝ።

«አላውቅም» አልኳት። ስለ ራሴ እውነቱን ስነግራት ያ የመጀመሪያዬ ነው።

«ጥሩ፣ ከዚያ እንጀምር» አለች።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ወደ አንድ ጡረታ የወጡ መሐንዲስ ቤት ተመለስን። እንመርጥሻለን ካሏት አንዱ ነበሩ። ገና ሳንቀመጥ እኔ ቀደምኩ። «ጋሼ፣ ዛሬ ይሉኝታው ይቅር። እኔም ገና አልወሰንኩም። የሚያስፈራዎትን ይንገሯት።»

ፊታቸው ተለዋወጠ። ያስወጡናል ብዬ ፈራሁ።

«አልመርጥሽም» አሏት በእንግሊዝኛ። «ሰው ሁሉ እኩል ይሆናል ሲል ነው ወንድሜ የሞተው። የገደሉትም እንደዚያው የሚሉ ናቸው።»

አልተከራከረችም። ወንድምዎ ምን ዓይነት ሰው ነበር ብላ ጠየቀቻቸው። አወሩላት፤ እኔም ሳላስበው የራሴን ጓደኞች ስም እየጠራሁ አወራሁ። ስማቸውን በአፌ ካነሳሁ ስንት ዘመኔ! አለቀስኩ፣ አላፍርም። እሷ መጨረሻ ላይ ያለችው አንድ ነገር ነው፤ «የእናንተ አገር ግራዎቹን ከሥልጣን ማውረድ አትችሉም ነበር። እኔ ካልጣምኳችሁ ግን በድምፃችሁ ታወርዱኛላችሁ።»

የድምፅ መስጫው ወረቀት በፖስታ ሲመጣ ኩሽና ጠረጴዛ ላይ ዘርግቼ መረጥኳት። ብትመረጥ እንዴት ጥሩ ነበር፤ በጥቂት ድምፅ ተሸነፈች።

ውጤቱ በተነገረ በሳምንቱ መሐንዲሱ ደወሉልኝ። «አልመረጥኳትም» አሉ። «ግን መሸነፏ እንቅልፍ ነሳኝ። እንደገና ትቁም በላት። ያን ጊዜ እኔም አብሬያችሁ እዞራለሁ።»