የኪርታት ቀለም

ጀጎል ውስጥ በሚገኘው ቤታችን ትንሿን ክፍል ኪርታት እንላታለን። ሙሽሮች የሚገቡት እሷ ውስጥ ነው። ሠርግ ከሌለ አዲስ ቀለም የሚቀባት የለም፤ ዕቃ ይከመርባታል። እኛ ደግሞ ልጆቻችንን ሁሉ ድረን ጨርሰናል፣ አልሐምዱሊላህ።

አንድ ማለዳ የልጆቼ አባት ዕቃውን አውጥቶ፣ ከበሩ በስተቀኝ ነጭ፣ በስተግራ ጠቆር ያለ አረንጓዴ በክንድ ልክ ቀብቶ አገኘሁት። ለምን እንደሆነ ብጠይቀው ግድግዳው እንዳይበላሽ ነው አለኝ። ፊቴን ሳያይ ነው የመለሰልኝ።

ከዚያ ወዲህ እከታተለው ጀመር። ከዐስር ሰላት ሲመለስ ራቅ ብሎ ይቆማል፤ አንዱን ያያል፣ ሌላውን ያያል፣ ተመልሶ ነጩን ያያል። ለራሱ ሸሚዝ እንኳ መርጦ የማያውቅ ሰው። ሸዋ በር ቀለም ሊገዛ የሄደ ዕለት አዲስ ሽርጥ መታጠቁም ትዝ አለኝ።

ጎረቤቴ ብቅ ብላ አየችና፣ «ሙሽራዋስ የቱን ትወዳለች?» አለችኝ። አብሬያት ሳቅሁ። መግሪብ ላይ ግን ዱዓዬ ሁሉ የዚያች ሴት እግር ደጃፌን እንዳይረግጥ ሆነ። መልክ ሠራሁላት፤ የአቦከር ልጅ ናት ብዬ ሰፈሯን ሳይቀር ወሰንኩ።

ሐሙስ ዕለት አላስቻለኝም። እዚያው እንደቆመ፣ «ለማን ነው የምታዘጋጀው? ንገረኝና ልረፍ» አልኩት።

ወደ አረንጓዴው ተራምዶ የበሩን ጠቆር ያለ የእንጨት መቃን በእጁ ፈለገ። በስንዝር ስቶ ግድግዳውን ነካ።

«በዚህ በኩል እንጨቱ ይጠፋብኛል» አለ። «በነጩ በኩል ይታየኛል።»

ዐይኑ ከረመዳን ጀምሮ እየደከመ ኖሯል። ፎቅ ላይ ካለው መኝታችን ደረጃውን መውረድ ፈርቶ፣ እኔን ላለማስጨነቅ ሲል ብቻውን እዚህ ሊተኛ አስቦ ነበር። ያን ሁሉ ዱዓዬን እየሰማ የታገሰኝ ጌታ ምስጋና ይግባው።

ነጩ ይሁን አልኩት፤ ቅዳሜ ተቀባ። ሰኞ ሐኪም ዘንድ ወሰድኩት። በቀዶ ጥገና ይሻለዋል ስላሉን ወረፋ እየጠበቅን ነው።

ያወረደው ፍራሽ የራሱ ብቻ ነበር። የእኔን ተሸክሜ ስወርድ ኮቴዬን ሰምቶ፣ «አንቺ ፎቅ ተኚ፣ እዚህ ይጠብሻል» አለኝ።

«ሙሽራ ሆነን ስንገባባት መቼ ጠበበችን?» አልኩት።